እውነት ወይስ ተረት? «እኔ» የምትለው ሴት ማን ናት?

ጋምቤላ መጽሔት የሚደርሳት አርጅቶ ነበር። ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገድ አውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃው እንደፈቀደ። መጽሔቱ ከአውቶቡሱም ይዘገያል። ሾፌሩ አጋሮ ላይ ያነበዋል፣ ረዳቱ መቱ ላይ ያነበዋል፣ የረዳቱ ወዳጅ ጎሬ ላይ ሳምንት ታቆየዋለች። እኛ ጋ ሲደርስ ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ መሀል ገጹ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል፣ የመጨረሻው ቅጠል የለም።

1987 ዓ.ም. ላይ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እኅቴና ጓደኞቿ ሳንቲም አዋጥተው መጽሔቱን ከአንዲት ሻይ ቤት ለግማሽ ቀን ይከራዩታል። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ እየተከራየ እንደሚነበበው መሆኑ ነው፤ እኛ ጋ ግን ሰሌን አንጥፈን ነው። ባሮ ወንዝ ዳር ካሉት ማንጎዎች ሥር ቁጭ ይላሉ፤ አንዷ የአንዷን ጸጉር ትሠራለች፣ አንዷ በቆሎ ትፈለፍላለች፣ አንባቢው እኔ ነኝ። የተመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አማርኛ ሳላደናቅፍ አነባለሁ፤ ደግሞም ወንድ ልጅ መጽሔት በብብቱ ይዞ ቢታይ «ምንድን ነው እሱ?» የሚለው የለም። እናም ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ «ባለትዳር ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ይጀምራል። የሚስቅ አልነበረም። የሚያለቅሱ ግን ነበሩ።

ስለ እነዚያ የገመና መጽሔቶች እስከ ዛሬ የሚባለው ብዙ ነው። አድጌ ሙያው ውስጥ ስለገባሁበት፣ ከሚባለው አንዳንዱን በመጽሐፍ ሳይሆን በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ።

«ታሪኮቹን የጻፏቸው ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው»

ባብዛኛው ተረት።

ይህን ዓይነት መጽሔት ገበያ ላይ የተከለው በርናር ማክፋደን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ የታወቀው በጡንቻውና በአመጋገብ ምክሩ ነበር፤ «ፊዚካል ካልቸር» የሚል የሰውነት ማጎልመሻ መጽሔት ነበረው። ወደዚያ መጽሔት ሴቶች ስለ ባላቸው፣ ስለ እጮኛቸው፣ ለእናት እንኳ ስለማይነገር ነገር ይጽፉ ነበር። ሐሳቡ የፈለቀው ከዚያ የደብዳቤ ክምር ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1919 «ትሩ ስቶሪ» የተባለውን አወጣ፤ «እውነተኛ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሽያጩ በየወሩ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ ያልፍ ጀመር። በ1922 «ትሩ ኮንፌሽንስ» የሚባል ተፎካካሪ ተነሣበት፤ ከዚያ በኋላማ መደርደሪያው ሞላ። የሚገዙት የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የሱቅ ሻጮች፣ የወዛደር ሚስቶች ነበሩ።

ማክፋደን ጸሐፊውን ታሪኩ እውነት ስለመሆኑ ቃለ መሐላ ያስፈርም ነበር። መሐላው እንዳለ ሆኖ ገጹን እያደር የሞሉት በብዕራቸው የሚያድሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ወንዶችም አሉበት። ፎቶው ላይ ፊቷን በእጇ ሸፍና የምትታየው ሴት ለፎቶ የተከፈላት ናት። የጸሐፊ ስም አይወጣም፤ ስም ከሌለ ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት ማን ይጠይቃል?

የእኛ አገሩ ምሳሌ ከዚህ ይጠነክራል። በ1956 ዓ.ም. «ሴተኛ አዳሪ» የሚል ልብ ወለድ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም እናኑ አጎናፍር ነው። እናኑ ግን «የአዛውንቶች ክበብ» በተሰኘው ተውኔታቸው የሚታወቁት ጋዜጠኛ ነጋሽ ገብረ ማርያም ነበሩ። በእኔ ግምት ብልሃቱ ቀላል ነው፤ የሴት ገመና በወንድ አፍ ሲነገር ሐሜት ይመስላል፣ በሴት ስም ሲወጣ ምስክርነት ይሆናል።

እኔም በተራዬ እናኑ ሆኛለሁ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ አንድ መጽሔት ቤት ጀማሪ ሆኜ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ የ«እውነተኛ ታሪክ» ገጽ ነበር። የአንባቢ ደብዳቤ ጠፍቶ አልነበረም፤ በካርቶን ሞልቶ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ችግሩ ደብዳቤዎቹ እንደ ታሪክ አይሄዱም። ሴትየዋ ስለ ባሏ ትጀምርና ስለ ቤት ኪራይ ትጨርሳለች፤ አንዳንዷ መሀል ላይ ሐሳቧን ትለውጥና ባሏን ይቅርታ ታደርግለታለች። አዘጋጃችን ደብዳቤውን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ «ይሄ ታሪክ አይደለም፤ ይሄ ስሞታ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ከሦስት ደብዳቤ አንድ ሴት እንሰፋለን። ከአንዷ ባል፣ ከአንዷ ልጅ፣ ከሦስተኛዋ የሚያለቅሱበትን ሰዓት እንወስዳለን። «ባብዛኛው» ያልኩት ለዚህ ነው። ጨርቁ የሰው ነበር፤ ስፌቱ ግን የእኛ።

«ሴት ያባልጋል»

ተረት፤ እንዲያውም ግልባጩ ነው።

እናቴ ይህን ከልቧ ታምን ነበር። አንድ ቀን መጽሔቱን ከብብቴ ነጥቃ ሽፋኑን አየችና (ያን ጊዜ ሽፋኑ በሰላም ደርሶ ነበር፣ የኔ ዕድል) ቡና የምትቆላበት ማንደጃ ውስጥ ልትከተው ነበር። ሽፋኑ ነው ያሳሳታት። ውስጡን ብታነበው ከራሷ ምክር የሚለየው በማተሚያ ቤት መታተሙ ብቻ ነው። ልጅቱ ከቤት ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትመለሳለች። ከዚህ መስመር የሚወጣ ታሪክ አላነበብኩም፤ በኋላም አልጻፍኩም። ለዚህም ነው የመጨረሻው ቅጠል ቢጎድልም እኅቴና ጓደኞቿ ብዙ የማይከፋቸው፤ ያውቁታላ። ማክፋደንም ቢሆን ባለሥልጣናት በብልግና እንዳይከሱት የሃይማኖት ሰዎች ታሪኮቹን አስቀድመው እንዲያዩለት ያደርግ ነበር።

እንግዲህ መስመሩ የማይለወጥ ከሆነ የሚለወጠው ምንድን ነው? ኃጢአቱ ነው። ልጅቱ የምትወድቅበት ጉድጓድ በየዘመኑ ቦታ ይቀይራል፤ ቦታውን የሚመርጠው ደግሞ በጊዜው ሰውን እንቅልፍ የነሣው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ መኪናና የዳንስ አዳራሽ ነበር፤ ሴት ልጅ ከእናቷ ዓይን በአራት ጎማ መራቅ የቻለችበት ጊዜ ነው። በ1930ዎቹ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ባል ቤት ተቀምጦ ሚስት ደመወዝ የምታመጣበት ቤት ጭንቀት ሆነ። ጦርነቱ ሲመጣ ባሏ ግንባር የሄደባት የፋብሪካ ሠራተኛ ተተካች። ቀጥሎ የወሊድ መከላከያ እንክብልና ፍቺ። ቁንጅናዋ፣ እንባዋ፣ ጸጸቷ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የምታስፈራበት ምክንያት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ በንጉሡ ዘመን የሚያስፈራው ከተማው ራሱ ነበር። ከገጠር መጥታ ቡና ቤት የገባች ልጅ ያልተጻፈባት አልነበረም። ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የአዲስ አበባውን የውቤ በረሃን ሌሊት ሳይፈርድ ጽፎ ነበር፤ «ሌቱም አይነጋልኝ» የሚለው ያ ሥራው ለአሥርት ዓመታት ሳይታተም የቆየው ብልግናው ብቻ ሆኖበት አይመስለኝም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አይጸጸትም፤ ያ ነው ያልተለመደው። ልብ በሉ፣ በዚያው ዘመን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ15 ዓመቷ የተዳረችው ልጅ ለማንም ጭንቀት አልሆነችም፤ ከዚያ ትዳር የጠፋችው ሆነች። የዕድሜው ወለል ለሴቷም 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ጥቅምት 1985 የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር፣ ከፖለቲካ ጋዜጦቹ ጋር የፍቅርና የገመና መጽሔቶችም እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈሉ። የእነዚህ ጉድጓድ በመጀመሪያ ገንዘብ ነበር፦ ሹገር ዳዲ፣ ነጋዴው፣ መኪና ያለው። ቆይቶ ኤች አይ ቪ መጣ፤ ታሪኩ ሁሉ የሚያልቀው ደም ምርመራ ክፍል በር ላይ ሆነ። ከዚያ ቤይሩትና ጅዳ። አሠሪዋ የደፈራት፣ የላከችውን ብር ባሏ በሌላ ሴት የጨረሰባት፣ ስትመለስ ልጇ ያላወቃት።

አንድ ሴት ግን ከዚህ ሁሉ መስመር ውጭ ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው ከእሷ ታሪክ ነው። በተጠለፈችበት ጊዜ ሥራ ላይ በነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር፤ ይህ አንቀጽ የተነሣው በ1996ቱ አዲስ የወንጀል ሕግ ነው። የአበራሽን ታሪክ እንደ ገመና ገጽ አድርጌ ላቀናው በሐሳቤ ሞክሬ አውቃለሁ። አይሆንም። የሚጸጸት ሰው ከየት ይምጣ?

«ገመናን አደባባይ ማውጣት የፈረንጅ ነው»

ተረት። ቅርጹ ከፈረንጅ ሊሆን ይችላል፤ ልማዱ ግን የቤት ነው።

በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ጳውሎስ ኞኞ ያዘጋጁት የነበረውን «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚያስታውስ ያውቃል፤ ሰው ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ከሚጠይቅበት ገጽ ላይ ስለ ፍቅሩም ይጠይቅ ነበር፤ መልሱም ሳቅ የተቀላቀለበት ነበር። ከዚያ በፊትም የንስሐ አባት አለ፣ ምንም እንኳ እሱ ጆሮ ለጆሮ ቢሆን። ደርግ ደግሞ ንስሐውን ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶ ቀበሌ አዳራሽ ወሰደው፤ «ሂስና ግለ ሂስ» አለው። ተነሥቶ መናገር፣ ጥፋትን መዘርዘር፣ መጸጸት፣ ወደ ሰልፍ መመለስ። ከገመናው ገጽ የሚለየው ካድሬው ለማልቀስ ጊዜ አለመስጠቱ ነው።

ጋምቤላም የራሷ አላት። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን በ1940ዎቹ ባሮ ዳር ፖክዎ ላይ ከሠፈሩ ወዲህ የወንጌል አማኙ ብዙ ነው። እሑድ በአምልኮ መካከል ምስክርነት የሚባል ሰዓት አለ። አንዲት እናት ትነሣለች፤ በፊት እንዴት እንደነበረች ትናገራለች፣ ምን እንደደረሰባት፣ እንዴት እንደተመለሰች። ልጅ ሆኜ ከጓደኛዬ ጋር በመስኮት አይ ነበር። እኅቴ ሰሌን ላይ የምትሰማው ታሪክ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ምስክርነቱ እሑድ ጠዋት፤ ሁለቱ መካከል አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያለው። ይልቅ ልዩነቱ እሑድ የምትናገረው ሴት ስም አላት፤ ሁሉም ያውቃታል፤ ብትዋሽ የምታፍርባቸው ሰዎች ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል።

«የአዲስ አበባ ሴት ጣጣ ነው፤ ጋምቤላን ምን አገባት?»

ግማሽ እውነት። በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

በመጀመሪያ «ጋምቤላ ሩቅ ናት» የሚባለው ከመሀል አገር ሲታይ ነው። በ1894 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዞች ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ሱዳን ነጻ እስክትወጣ በክረምት ከካርቱም የእንፋሎት ጀልባ ይመጣ ነበር፤ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ግሪክ ነጋዴ፣ ሱዳናዊ ጸሐፊ፣ ደገኛ ነጋዴ፣ አኙዋ፣ ኑዌር በአንድ ወንዝ ዳር ሲገበያዩ ቆይተዋል። ከተማዋ ለወሬ እንግዳ አይደለችም።

ሁለተኛው የቋንቋው ነገር ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ መጽሔት ለማንበብ ግን ትምህርት ቤት መዋል ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንጎው ሥር እኔ አማርኛውን አነባለሁ፣ ከእኅቴ ጓደኞች አንዷ ለአክስቷ ልጅ በአኙዋ ትመልስላታለች፣ ሌላዋ በኑዌርኛ ታጉረመርማለች። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ይባላል። በሦስተኛው ላይ ታሪኩ ሌላ ሆኖ ይወጣል።

አንዱን ቀን አልረሳውም። ታሪኩ ከአንድ የጅማ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ስለ ኮበለለች ልጅ ነው። አባቷ ታሟል፣ እናቷ ጥቁር ለብሳለች፣ ሾፌሩ ባለትዳር ሆኖ ተገኝቷል፤ ልጅቷ መናኸሪያ ቆማ ወደ ቤት ልመለስ ወይስ አልመለስ እያለች ሳለ የመጨረሻው ቅጠል የለም። እኅቴ እንደ ደንቡ ጨረሰችው። ትመለሳለች፣ እናቷ እግር ላይ ትወድቃለች፣ በቃ። አኙዋዋ ጓደኛዋ ግን የበቆሎውን እሸት አስቀመጠችና ጠየቀች፦

«ድሙዩስ?»

«የምን ድሙይ?»

«ሰውዬው ድሙይ አልሰጠም። ታዲያ ወንድሟ በምን ያገባል?»

ድሙይ ሰማያዊ የመስታወት ጨሌ ነው፤ የአኙዋ የጥሎሽ ሀብት። ድሮ ከመጣው በቀር አዲስ አይጨመርበትም፤ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የኖረ ነው። ለእኅት የመጣው ድሙይ ወንድም ሚስት የሚያመጣበት ነው። እንግዲህ በዚህች ልጅ ዓይን የኮበለለችው ልጅ በደል የአባቷ ሕመም አይደለም፣ የእናቷ እንባም አይደለም። ወንድሟን ወንደላጤ አድርጋ አስቀርታዋለች። ኑዌሯም ቀጠለች፤ እሷን ያሳሰባት ከብቱ ነው። ሾፌሩ ባለትዳር ከሆነ የመጀመሪያ ሚስቱ ቤተሰብ ጋ የሄደ ከብት አለ፤ ይህችኛዋንስ በየትኛው ከብት ሊወስዳት ነበር? ፍቺ ማለት እነሱ ጋ ከብት መልስ ማለት ነው፤ በቀላሉ አይገባበትም።

እኅቴ ግራ ገባት። «ይሄ የከተማ ልጅ ታሪክ ነው እኮ» አለች። «ከተማ ወንድም የለም?» አለቻት አኙዋዋ።

ሲመሽ ሌላ መጨረሻ ሠርተው ተነሡ። በዚያ መጨረሻ የልጅቷ ወንድም ጅማ ይሄዳል። ሊገድል አይደለም፤ የሚገባውን ሊቀበል ነው። ሾፌሩን መናኸሪያ ያገኘዋል፣ መኪናውን ያሸጠዋል፣ ያገባበታል። ማንም አያለቅስም። ያን ምሽት የሳቅነውን ያህል በሌላ ቀን አልሳቅንም፤ መጽሔቱንም ዘግይተን መልሰን ተጨማሪ ሳንቲም ከፍለንበታል።

ግማሽ እውነት ያልኩት ለዚህ ነው። ታሪኩ ይደርሳቸዋል፣ ያስለቅሳቸዋል፤ ፍርሃቱ ግን የሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነው። ይህ ልዩነት እንደዚያ ቀን ሳቅ ብቻ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ኤች አይ ቪ ሲመጣ ግን ዋጋ አስከፈለ። መሀል አገር የሚታተመው ታሪክ በሽታውን የቡና ቤቷ ልጅና የሹገር ዳዲ አደረገው፤ ሴትየዋ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻዋን ትሞታለች። በ2003ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመላ አገሪቱ ከፍተኛው የቫይረሱ ስርጭት የተመዘገበው ጋምቤላ ነበር፤ 6.5 በመቶ፣ የአገሪቱ አማካይ 1.5 በሆነበት ጊዜ። በ2008ቱም እንዲሁ 4.8 በመቶ ነበር፣ አገራዊው 0.9። እዚህ ከቡና ቤቱ ይልቅ መጠየቅ የነበረበት አንዱ ነገር ባል የሞተባት ሴት ናት። ኑዌር ዘንድ ባሏ ቢሞት ከብት የተከፈለባት ናትና የባሏ ወንድም ይረከባታል፤ ብቻዋን አትቀርም። በወጉ ይህ ለእሷና ለልጆቿ መጠለያ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ወንድምየውም ሌላ ሚስት አለው። እንዲህ ያለችን ሴት «ከቤት ወጣች፣ ወደቀች» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ከቤት አልወጣችማ።

በዚህ ረገድ ሬዲዮ ከመጽሔቱ የተሻለ ሠርቷል። «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍል ተላለፈ፤ የመቱው ማሰራጫ ወደ እኛ ጥርት አድርጎ ያመጣው ነበር። ከአድማጭ የመጣው ደብዳቤ ከ15 ሺህ በላይ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ «ቤተኛ» መጣ፤ በዚያ ላይ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በራሳቸው ድምፅ ውሏቸውን ይናገሩ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን እንዴት እንደዋጡ፣ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ ልጃቸው ስንተኛ እንደወጣ። የሚገርመው አብዛኛው ቀን ምንም አይሆንም። ያ ነው እውነተኛ መሆኑን ያሳበቀው፤ የእኛ አዘጋጅ ቢሰማው «ስሞታ ነው» ብሎ ወደ ካርቶኑ ይጥለው ነበር።

«ዛሬ ቀርቷል»

ተረት። ስልካችሁን ክፈቱ።

«ፈጠራ ቢሆንስ ማንን ጎዳ?»

ይህን የምንለው እኛ ጸሐፊዎቹ ነን፤ ስለዚህ ብዙ አትመኑን።

«ትሩ ስቶሪ» ራሱ እ.ኤ.አ. በ1927 በዚሁ ተይዟል። ፔንስልቬኒያ ውስጥ ስክራንተን በምትባል ከተማ ተፈጸመ ተብሎ የታተመ አንድ ታሪክ ነበር። ጸሐፊው ለገጸ ባሕርያቱ ስም ሲያጣ የከተማዋን የተከበሩ ነዋሪዎች ስም ተጠቅሟል። ባለስሞቹ ከሰሱ፤ መጽሔቱም ከዚያ ወዲህ ታሪኮቹን የሚያጣራ ሰው ለማቆም ተገደደ። እውነተኛ ነኝ ሲል የኖረ መጽሔት አጣሪ የቀጠረው እውነተኛ ስም ስለወጣበት ነው።

የእኔ ጥፋት ፍርድ ቤት አላደረሰኝም። በ1995 ክረምት ኤች አይ ቪ ያለባት የአንዲት ሴት ታሪክ ሠራሁ። አዘጋጁ አንብቦ «ጥሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ትጸጸት» አለኝ። «ምኑን ትጸጸታለች? ያስያዛት ባሏ ነው» አልኩት። «እንደምንም» አለ። እንደምንም አጸጸትኳት። አድራሻዋን ለማሳመር «ከጋምቤላ» ብዬ ፈረምኩባት፤ ሩቅ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም ብዬ፣ እኔ ከዚያው የመጣሁት ልጅ።

ከወር በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከመቱ ነው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ። የኔዋ ሴት ያለችው ሁሉ እሷም ላይ ደርሷል። «አንቺ የተጸጸትሽው ምን አድርገሽ እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ ምንም አላደረግሁም» ትላለች። ጋምቤላ ቅርቧ ስለሆነ መጥታ ልታገኛት ትፈልጋለች፤ አድራሻዋን ላኩልኝ ትላለች። ለመልሱ የሚሆን ቴምብር በላስቲክ ጠቅልላ ፖስታው ውስጥ ጨምራለች።

አዘጋጁ ደብዳቤውን አነበበና ለሚቀጥለው ወር ይሆናል ብሎ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። ቴምብሩ ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ። መስከረም ላይ ለእኅቴ ስጽፍ ቴምብር አጣሁና በእሱ ላክሁት።